ኪሱ በቀኝ የሆነው ኮት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ሙዚየም ገብቶ፣ ከመስታወቱ ሥር የተለጠፈችውን ካርድ አንብቦ፣ «ግን እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ በምን አወቁት?» ያላለ ሰው ይኖር ይሆን? እኔ ዛሬ ብቻ አምስት ጊዜ ብያለሁ። አባዬ ግን አንዴም አላለም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ «እጅጌው እንዴት ነው? ኮሌታው ቆሟል ወይስ ተኝቷል?»

እዚህ ከተማ ከገባን ሦስተኛ ቀናችን ነው። የመጣነው ለአባዬ ዓይን ምርመራ ነው። በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ያለውን ቀን አልጋ ላይ ተጋድመን ጣራ ስናይ አንከርምም ብዬ፣ ገና ከቤት ሳንወጣ የሙዚየሞቹን ዝርዝር ጽፌ ነበር። በታሪክ ከተመረቅኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ሥራ የለኝም፤ ጊዜና ጉልበት ሞልቶኛል። አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። «ነበር» የሚለው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ «ነው» ነው የምለው።

ዛሬ የሥዕል ሙዚየም ነበርን። የመብራቱ ነጸብራቅ ስላስቸገረው እኔ እያየሁ እነግረው ነበር። ጠረጴዛ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሹም ሥዕል ፊት ስንደርስ፣

«ክርኑን አጥፏል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እጥፋቱ ላይ ጨርቁ ተሸብሽቧል?»

«ኧረ የለም፤ ልሙጥ ነው።»

«እንግዲያው ሠዓሊው ያየው ፊቱን ብቻ ነው። ልብሱን ተሰቅሎ ሳለ ነው የሣለው» ብሎ ሳቀ።

አጠገባችን የነበሩ ባልና ሚስት ተጠግተው ክርኑ ላይ ማፍጠጥ ጀመሩ። አባዬን እጁን ይዤ እያስጎበኘሁት ይመስለኝ ነበር። አስጎብኚው ማን እንደሆነ እንጃ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ሐኪም ቤት። ወረፋ። ጠብታ። እንደገና ወረፋ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስታወራ ትቸኩላለች። «የጠፋውን አልመልስም። ቀዶ ሕክምናው የቀረውን ለማትረፍ ነው» አለች። ለኅዳር 4 ተቀጠርን። የሚተርፍ አለ ማለት ነው። ጥሩ ዜና ነው።

«እስካሁን ለምን ቆያችሁ?» ብላም ጠየቀች። ሁሉንም ሰው የምትጠይቀው ይመስለኛል። አባዬ ከአፏ ነጥቆ፣ «እኔ ነኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ» አላት።

ሥራ አልበዛበትም ነበር።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

የፋሽን ኤግዚቢሽን። ሴት ልጅ ሆኜ እንዲህ ዓይነት ቀሚስ በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም! አንዱ ጅራቱ አንድ ክፍል የሚሞላ፣ አንዱ ዶቃው ከልብሱ የሚከብድ። ሁሉንም ለአባዬ ነገርኩት፤ ቀለሙን፣ ወገቡን፣ ሽንሽኑን።

«ኪስ አላቸው?» አለ።

«የላቸውም።»

«አንዱም?»

«አንዱም።»

«ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሴቶች መሀረባቸውን ማን ይይዝላቸው ነበር?»

ከኋላችን የነበሩ ሦስት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ደስ ብሎኝ ሳለሁ ድንገት የማስጠንቀቂያ ደወል አምባረቀ። አባዬ ገመዱን አልፎ አንዱን ቀሚስ ጨብጧል። ጠባቂዋ እየሮጠች መጣች። እኔ፣ «ይቅርታ፣ ተደናቅፎ ነው!» አልኩ።

«አልተደናቀፍኩም» አለ አባዬ ረጋ ብሎ። «ሐር ነው ስትይኝ ጊዜ ነው። ሐር አይደለም።»

አስወጡን። መንገድ ላይ አላናገርኩትም። ለምን አላናገርኩትም? ሐርም አልነበረም እኮ፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ እኔ ነኝ በደንብ ያላነበብኩት።


ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ወንድሜ ደወለ። ሱቁን ስልክ ጠጋኝ ሊከራየው ይፈልጋል፤ የስፌት መኪናውንም የሚወስድ ሰው አግኝቷል።

«አባዬን ጠይቀኸዋል?»

«ምኑን ልጠይቀው? ደንበኛ ሱሪ አምጥቶ ሁለት ዓይነት ርዝመት ያለው እግር ተሰጥቶት ሄደ። እስከ መቼ እናፍራለን? አንቺ ሊቋ፣ እዚያ ሙዚየም ለሙዚየም እያዞርሽ አታድክሚው።»

«መኪናዋን ከነካህ እኔና አንተ አንተዋወቅም» ብዬ ዘጋሁት። 

አባዬ ከአልጋው ሆኖ ሰምቷል። «ተይው፤ እውነቱን ነው» አለ። «ሰው ሲያበቃ አበቃሁ ማለት አለበት።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከዚህ ከተማ አበቃሁ ብሎ አይመለስም። ይህን እዚህ ጽፌዋለሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ረጅም ነገር አለኝ።

የታሪክ ሙዚየም ገባን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሙሉ ለአንድ ሰው ተሰጥቷል፤ የዚህ ከተማ ስመ ጥር ዳኛ ለነበሩ ሰው። አደባባዩ ላይ ሐውልታቸው አለ፣ ብዕር በግራ እጃቸው ይዘው። ክፍሉ ውስጥ ወንበራቸው፣ መነጽራቸው፣ መሀል ላይ ደግሞ በመስታወት ሣጥን ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸው። ካርዱን ለአባዬ አነበብኩለት፦ «የዳኛው የችሎት ኮት። የደረት ኪሱ በቀኝ በኩል መሆኑ ዳኛው በግራ እጃቸው ይጽፉ እንደነበር የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ ለእርሳቸው በልዩ ትእዛዝ እንደተሠራ ያሳያል።»

አባዬ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ከዚያ፣ «እስቲ የቁልፍ ቀዳዳው በየት በኩል ነው?» አለ።

«በግራ።»

«የወንዶች ኮት ላይ እንደሚሆነው። በቀኝ በኩል፣ ቁልፎቹ አጠገብ፣ ጨርቁ ላይ ሰረዝ ሰረዝ ነገር አለ? አጎንብሰሽ እዪ።»

አጎነበስኩ። የለም ልል ስል አየሁት። በጣም ስስ፤ እንደ ዳነ ጠባሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አለ፣ አባዬ!»

እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ዓመት አልፎታል። «ይሄ ኮት ተገልብጧል፣ ልጄ። ለግራ እጅ አልተሠራም። ፊቱ ሲያልቅ አስገልብጠውታል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የኮት ፊቱ ሲነጣና ሲያልቅ አይጣልም። ልብስ ሰፊው እያንዳንዱን ስፌት ይተረትርና ጨርቁን ገልብጦ፣ ያላረጀውን የውስጡን ወገን ወደ ውጭ አድርጎ እንደገና ይሰፋዋል። ኮቱ አዲስ ይሆናል። ግን ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናል። የድሮዎቹ የቁልፍ ቀዳዳዎች ተደፍነው በሌላው በኩል ይበሳሉ፤ የደረት ኪስ ግን ጨርቁ ተቀድዶ የተሠራ ስለሆነ ወደ ግራ አይመለስም፤ በቀኝ ይቀራል። አባዬ ልጅ እያለ፣ ጌታው ዘንድ ሙያ ሲማር፣ የመጀመሪያ ሥራው መተርተር ነበር።

«ስንት ገልብጠሃል?»

«ማን ቆጠረው? የመምህራን፣ የጸሐፊዎች። አዲስ መግዣ የሌለው፣ ግን ተቀዳዶ መታየት የማይፈልግ ሰው ሁሉ።» ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ኮቱን ያስገለበጠ ዳኛ ጉቦ አልበላም ማለት ነው» አለ።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ተራ ነገር ነው። አባዬ ያለው ግን ታሪክ ነው። አራት ዓመት ታሪክ ተምሬ እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ የለም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 16

ሄደን ነገርናቸው። የክፍሉ ጠባቂ (ስሙን አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ «አትንኩ» ስለሚል አባዬ «አትንኩ» ብሎ ሰይሞታል) ወደ አስጎብኚው መራን። አስጎብኚው አባዬን ከእግር እስከ ራሱ አየና፣ «አባቴ፣ ይሄ በባለሙያ የተጠና ነው» አለ።

«እኔም ባለሙያ ነኝ» አለ አባዬ።

ስንወጣ በሩን ስቶ ግድግዳውን ዳሰሰ። ከኋላችን አስጎብኚው ሲናገር ሰማሁ፦ «በሩን ያላገኘ ሰው ኪሱን አየሁ ይላል!»

ኪሱን አየሁ አላለም። እኔ ነኝ ያየሁት። እሱ ያወቀው።

አባዬ የሰማ አይመስለኝም። ጆሮው ግን ደህና ነው።


እሑድ፣ ጥቅምት 18

የሙዚየሙን ኃላፊ ማክሰኞ አገኘዋለሁ። በደንብ ለብሼ ልሂድ ብዬ የምርቃቴን ቀሚስ ከሻንጣ አወጣሁ። አባዬ «አምጪው እኔ ልተኩሰው» አለ። ሲተኩስ እጁ ይቀድማል፣ ካውያው ይከተላል። ጎኑ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ የኔ ስፌት አይደለም።»

ቀሚሱን ወደ እኔ ሳብኩ።

«ዘሞብኝ ነበር?»

«ትንሽ።»

«ሌላ ዘንድ ወስደሽ አስተካከልሽው።»

«ፈተና ላይ ስለነበርኩ ነው አባዬ፣ ጊዜ...»

«ብትነግሪኝ እኔው እተረትረው ነበር።» ተኩሶ ጨረሰ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ። «ሰውየው ጥሩ ሰፊ ነው። ክሩ ግን ርካሽ ነው፤ ዓመት አይቆይም።»

ስፌቱ ሲዘም አይቻለሁ። በሚያዝያ «ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል» ሲለኝም ሰምቻለሁ። «ከምርቃቱ በኋላ እንሄዳለን» አልኩት። ሦስት ወር ማለት ነው፤ ከምርቃቱ በኋላም ሌላ ሦስት ወር ቆየን። ሐኪሟ ለምን ቆያችሁ ያለችው...

ይሄን አሁን አልጽፈውም።

ዝም አልኩ። የዘመመውን በድብቅ አስተካክዬ ዝም አልኩ፤ እሱን ላለማሳፈር ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በኮቱ ግን ዝም አልልም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ኃላፊው ትሑት ሰው ነው፤ ለዚህ ነው ያናደደኝ። ወንበር ሰጠን፣ ሰማን፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ለክርክር ያህል ልክ ናችሁ እንበል። በግራ እጃቸው የሚጽፉ ልጆች በየዓመቱ እየመጡ ከዚያ ኮት ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ፖስት ካርድ አለን። ሐውልቱስ? ሐውልቱን ምን እናድርገው?»

«ብዕሩን ያዛውሩለት» አልኩ።

አባዬ በክርኑ ጎሸመኝ። ኃላፊው ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ ቀጠለ፤ «ማስረጃ ያስፈልጋል። ሣጥኑን ደግሞ ለማንም አንከፍትም።»

«ማንም አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ኮት የሰፋ ሰው ነው።»

«ደብዳቤ ጻፊ።»

ደብዳቤውን እዚያው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እያየኝ ጻፍኩት። ቁርጤን ይወቅ።

ስንመለስ አባዬ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኛም ብንለቅስ?» አለ።

«እኔም ወረቀት ይዣለሁ» አልኩት፤ ዲግሪዬን ማለቴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥቅም ሰጠኝ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

መልስ የለም። ስለዚህ ዛሬ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ዋልኩ። የሚመጣውን ጎብኚ ሁሉ፣ «እስቲ በቀኝ በኩል፣ ከቁልፎቹ አጠገብ ያሉትን ሰረዞች ይመልከቱ» እላለሁ። አንዳንዱ ይሸሸኛል። አንዳንዱ ያጎነብሳል፣ ያያል፣ «ውይ!» ይላል። ያቺ «ውይ» ለእኔ ምሳ ናት።

አትንኩ መጣ። «እመቤት፣ እዚህ መቆም አይቻልም።»

«መንካት ነው እንጂ መቆም ተከልክሏል የሚል አላየሁም።»

ተንጠራርቶ ግድግዳውን አየ። እውነትም የለም። «ነገ ይለጠፋል» ብሎ ሄደ።

ማታ ወንድሜ፦ «ሰው አገር ሄዳችሁ ከሙዚየም ጋር ትጣላላችሁ? ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

ነቅዟል። የእኔ ዝምታ ነቅዟል፤ ስለዚህ አውቃለሁ። ይህን ግን አልነገርኩትም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ሦስተኛ ቀን ቆሜ። እግሬ አብጧል። «መቆም ክልክል ነው» የሚል አልተለጠፈም።

ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋን የለበሱ ጠና ያሉ ሴት መጡ። የሙዚየሙን ልብሶች የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ለብዙ ጊዜ አጎንብሰው አዩ። «አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሰረዞቹን አውቃቸዋለሁ። ብል የበላው ተጠግኖ ነው ብዬ ነበር።»

«ብል በእኩል ርቀት አይበላም» አልኳቸው።

ዘወር ብለው አዩኝ። ተናደዱ ብዬ ነበር። «ሰኞ ዝግ ነን። በኋላ በር፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ኃላፊውን አስፈርመዋለሁ። አባትሽን ይዘሽ ነይ፤ እጃቸውን በደንብ ይታጠቡ።»


ሰኞ፣ ጥቅምት 26

አባዬ ሁለት ጊዜ ታጠበ። ጥፍሩን ቆረጥኩለት።

ኮቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት ተጋድሟል። ኃላፊው እጁን አጣምሮ ቆሟል። አትንኩም በሩ ላይ አለ። ጠጋኟ ስስ ጓንት አቀረቡ። አባዬ፣ «እኔ አላይም። ጓንት ካለበሱኝ በምን ልይ?» አለ።

እንዲህ ማለት አላስፈለገውም ነበር።

ጠጋኟ ኃላፊውን አዩ። ኃላፊው «ይሁን» አለ። ጓንቱን መልሰው አስቀመጡት።

ከዚያ የአባዬ እጅ ወረደ። በትከሻው ጀመረ። የቀኙን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ይዞ ቁልቁል ሄደ። «አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ይቺ አምስተኛዋ ናት፤ ክሩን ከራሱ ከጨርቁ መዝዘው ነው የደፈኗት። ጎበዝ ሰው ነው የሠራው።» ኪሱን ዳሰሰ። የእጅጌውን ጫፍ ገለጥ አደረገና ቆመ። «እዚህ ገበሩ ተፈትቷል። እመቤቴ፣ እርስዎ ያያሉ፤ ውስጡን ይዩልኝ። ፀሐይ የሚመታው የኮት ውጩ ነው አይደል? የትኛው ነው የነጣው?»

ጠጋኟ በትንሽ መብራት ወደ ውስጥ አዩ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላሉም።

«ውስጡ» አሉ። «ውስጡ ነው የነጣው። ክርኑ ጋ ተበልቷል።»

 አትንኩ ከበሩ ተነሥቶ ጠረጴዛው አጠገብ ደርሷል፤ ለራሱም የታወቀው አይመስለኝም፣ እጁን ሊዘረጋ ሲል ጠጋኟ «አትንኩ!» አሉት።

አባዬ እየሳቀ እጁን ከኮቱ ላይ አላነሣም። ፊቱን አየሁት። ስለ ፊቱ መጻፍ አልችልም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

መልስ መጣ፣ በማኅተም። ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመርቷል። ካርዱ «እስከሚጣራ ባለበት ይቆያል»። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ጠጋኟ ስልክ ደወሉ፤ እሳቸውም ተናደዋል። «እኔ እጽፋለሁ፣ ግን አንድ ጠጋኝና አንድ ልብስ ሰፊ ናችሁ ይሉናል። ኮት የገለበጡ ሌሎች ሰዎች ቃል ቢገኝ ሌላ ነው። አሁን ማን ቀርቷል?»

ማን ቀርቷል? እኔ ምን አውቃለሁ። እጠይቃለኋ!


ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ወንድሜ ደወለ። አባዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

«ሱቁን አትንካው» አለው። «መኪናዋንም። ዘይት ቀባትና ጨርቅ አልብሳት።» ወዲያ ማዶ ወንድሜ ብዙ ተናገረ። አባዬ ጠበቀው። «አዎ፣ ሱሪውን አበላሽቻለሁ። ከእንግዲህ የምለካውም የምቆርጠውም እኔ አይደለሁም። ዓይን ያለው ሰው እቀጥራለሁ፤ እኔ እጁን ይዤ አስተምረዋለሁ። ጌታዬ እኔን እንዲያ ነው ያስተማረኝ። ማክሰኞ ሐኪሟ ያተረፈችውን ታትርፍ። ባይተርፍም ሱቁ ክፍት ነው። ሰማህ?»

ሰምቷል። እኔም ሰማሁ። «ባይተርፍም» አለ። እኔ ያቺን ቃል በዚህ ደብተር ውስጥ አንዴም አልጻፍኳትም ነበር። ይኸው፦ ባይተርፍም።


እሑድ፣ ኅዳር 2

ከነገ ወዲያ ቀዶ ሕክምና ነው። ዛሬ ሙዚየሙ ሄድን። መውጫው ላይ ትልቅ የጎብኚዎች አስተያየት መዝገብ አለ፤ «ደስ ይላል»፣ «ጥሩ ነው»፣ «መጸዳጃው ይጽዳ» ተጽፎበታል። አዲስ ገጽ ገለጥኩ። አትንኩ መጣ። ሊከለክለን ነው ብዬ ትከሻዬን አቀናሁ። እሱ ግን ወንበሩን ለአባዬ አቀረበና፣ «አባቴ፣ አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በሕይወት አሉ። ልደውልላቸው?» አለ።

«አሁኑኑ!» አለ አባዬ።

አባዬ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። አንድም ቃል አላስተካከልኩም። ለሌላ ቦታ ሁሉ ስለምልከው እዚህም ገልብጬዋለሁ፦

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለተኛ ፎቅ ያለውን የዳኛውን ኮት በእጄ አይቼዋለሁ። የተገለበጠ ኮት ነው። ዳኛው በየትኛው እጃቸው እንደጻፉ አላውቅም፤ ኮቱም አያውቅም። ኮቱ የሚያውቀው ባለቤቱ አንድ ኮት ብቻ እንደነበራቸውና ሲያልቅባቸው እንዳላፈሩበት ነው። ኮት ገልብጣችሁ የምታውቁ፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ሲገለብጡ ያያችሁ፣ ኪሱ በቀኝ የሆነ ኮት ቁም ሣጥን ውስጥ ያላችሁ፣ እዚህ ሥር ጻፉ። የት እንደተሠራ፣ ለማን እንደተሠራ ጻፉ። ማየት ያቃታችሁ ለልጃችሁ ንገሩና ትጻፍላችሁ። ተሳስቼ ከሆነም ጻፉ፤ መጥታችሁ አሳዩኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አብረን እንዳስሰው። ቦታ ትቻለሁ። ከዚህ መስመር በታች ያለው ገጽ በሙሉ የእናንተ ነው።»